አራት ፕሪዝም እንሥራ፤ አንደኛው ኩብ ነው

ልጅዎ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «ኩብ ፕሪዝም ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ቢጠይቅዎት መልሱ አጭር ነው፤ ነው። ችግሩ «ለምን?» ሲል ነው። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ኩብ፣ ፕሪዝም፣ ሲሊንደርና ፒራሚድን በአንድ መስመር ደርድረው ይስሏቸዋል። ልጁም አራት የማይዛመዱ ባዕዳን አድርጎ ይይዛቸዋል፤ በኋላ ብያኔውን ቢያነቡለት እንኳ ሥዕሉ ከጭንቅላቱ አይወጣም። ስለዚህ ብያኔውን ለጊዜው ይተዉትና በእጅ ይሥሩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

የሚያስፈልገው ከቤት አይጠፋም፤ ጠንከር ያለ ወረቀት (የአሮጌ የግድግዳ ካሌንደር ጀርባ ተስማሚ ነው)፣ ለክዳን የሚሆን ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ኮምፓስ፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ቀይ ቀለም፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ አንድ ሁለት ኩባያ ምስር፣ አሥራ ስምንት የመጠጫ ስትሮ፣ ክር፣ ትልልቅ ድንቾችና ቢላ።

1. አራት እኩል ቁራጮች

ከወረቀቱ ርዝመታቸው 25 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዳቸው 6 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች ይቁረጡ። ከአንድ ኤ ፎር ወረቀት ሦስት ይወጣል፤ አራተኛውን ከሌላ ሉክ ይውሰዱ። የመጨረሻዋ 1 ሳንቲ ሜትር ለማጣበቂያ የምትደረብ ስለሆነች ትክክለኛው ርዝመት 24 ነው። 24ን የመረጥኩት ለ3፣ ለ4ም ለ6ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው።

አሁን የማጠፊያ ምልክቶቹን ያድርጉ። በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ 8፣ 16 እና 24 ላይ። በሁለተኛው 8፣ 12፣ 20 እና 24 ላይ። በሦስተኛው 6፣ 12፣ 18 እና 24 ላይ። በአራተኛው ከ4 ጀምሮ በየአራቱ እስከ 24 ድረስ። በየምልክቱ ማስመሪያ አስደግፈው ቀለም በሌለው እስክሪብቶ ጫን ብለው ያስምሩ። ይህን ካላደረጉ ወረቀቱ ሲታጠፍ ይጎብጣል፤ ጠርዙም ጠርዝ አይሆንም። ከዚያ አጥፈው የተረፈችውን 1 ሳንቲ ሜትር ከውስጥ በኩል ይለጥፉ።

በእጅዎ ላይ ከላይም ከታችም ክፍት የሆኑ አራት ቱቦዎች አሉ። ክዳኖቹን ከካርቶን ይቁረጡ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ለባለ ሦስት ጎኑ ቱቦውን በካርቶኑ ላይ አቁመው ዙሪያውን በእርሳስ ይዙሩት፤ ሦስት ማዕዘን ስለማይወላገድ አያስቸግርም። ለሁለቱ ባለ አራት ጎኖች ግን መጀመሪያ የመጽሐፍ ማዕዘን ከውስጥ ያስገቡና ያቃኗቸው፤ አለበለዚያ ዘመም ብለው ይሳላሉ። ባለ ስድስቱ ከሁሉም ይብሳል። ለእሱ በኮምፓስ ሬዲየሱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይሥሩ፣ ኮምፓሱን ሳያጠቡና ሳያሰፉ በክቡ ዙሪያ ስድስት ጊዜ ያስረግጡት፣ ነጥቦቹን በማስመሪያ ያገናኙ። ክዳኑ ልክ ይመጣል።

ክዳኖቹን ቀይ ይቀቡ፤ ነገር ግን ገና አይለጥፏቸው፤ ምስሩ ይጠብቃል።

2. ምስሩን ያፍስሱ

አራቱም ከእኩል ወረቀት ነው የተሠሩት፤ የጎናቸው ስፋት 24 በ6፣ ማለትም 144 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ከፍታቸውም አንድ ነው። የሚይዙት ግን እኩል አይደለም። በእያንዳንዱ ሥር አንድ ክዳን በፕላስተር ያያይዙና ልጁ አስቀድሞ ይገምት። ከዚያ ባለ ሦስት ጎኑን በምስር ሞልተው ወደ ባለ ካሬው ይገልብጡት፤ ሩብ ያህሉ ባዶ ይቀራል። ባለ ካሬውን ሞልተው ወደ ባለ ስድስቱ ሲገለብጡት ደግሞ ባለ ስድስቱ ገና ቦታ አለው።

ሒሳቡ ይህን ያረጋግጣል። የማንኛውም ፕሪዝም ይዘት የመሠረቱ ስፋት ሲባዛ በከፍታው ነው። ለሬክታንግሉ 8 ጊዜ 4 ጊዜ 6፣ 192 ኩብ ሳንቲ ሜትር። ለካሬው 6 ጊዜ 6 ጊዜ 6፣ 216። የባለ ሦስት ጎኑ መሠረት ስፋት 27.7 ገደማ ስለሆነ ይዘቱ 166 ይሆናል፤ የባለ ስድስቱ መሠረት 41.6 ገደማ ነው፤ ይዘቱ 249። ወረቀት ስለሚለጠጥና ምስርም ክፍተት ስለሚተው ቁጥሩ በትክክል አይመጣም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይዛባም።

እዚህ ላይ ልጁን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ለካሬው የተለየ ቀመር ተጠቅመናል? አልተጠቀምንም። «የኩብ ይዘት ጎን ሲባዛ በጎን ሲባዛ በጎን» የሚለው ቀመር ለብቻው የተፈጠረ ነገር ሳይሆን ያው የፕሪዝሙ ቀመር ነው፤ መሠረቱ ጎን በጎን፣ ከፍታውም ያው ጎን። ሁለቱን ቀመሮች ለየብቻ የሚሸመድድ ተማሪ አንዱን በከንቱ ነው የሚሸመድደው።

3. ክዳኑን የመፈለግ ጨዋታ

ምስሩን መልሰው ሁሉንም በሁለተኛው ክዳን ይዝጉ። ሁሉም ፕሪዝሞች ናቸው፤ ሁለት እኩልና ትይዩ የሆኑ ቀይ ገጾች አሏቸው፣ በመካከላቸው የጎን ገጾች ተዘርግተዋል። ሦስተኛው ግን ኩብም ነው።

ገጽ፣ ጠርዝና ጫፍ ያስቆጥሩት። ባለ ሦስት ጎኑ 5 ገጽ፣ 9 ጠርዝ፣ 6 ጫፍ አለው። ባለ ስድስቱ 8፣ 18 እና 12። ሁለቱ ባለ አራት ጎኖች ሁለቱም 6፣ 12 እና 8 ናቸው። መሠረቱ ስንት ጎን እንዳለው ካወቁ መቁጠርም አያስፈልግም፤ ለገጽ 2 ይደምሩ፣ ለጠርዝ በ3፣ ለጫፍ በ2 ያባዙ። የገጹና የጫፉ ድምር ከጠርዙ ቁጥር ሁልጊዜ በ2 ይበልጣል፤ ይህን የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1750 ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለጎልድባክ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ገልጾታል፤ ከፕሪዝም ውጭ ላሉ ብዙ ቅርጾችም ይሠራል። ቆጠራው ግን ኩብን ከተራ ሳጥን አይለይም። ሁለቱም 6፣ 12፣ 8 ናቸው።

የሚለየውን ለማየት ቀዩን ቀለም የሚሸፍን ነጭ ወረቀት በክዳኖቹ ላይ ይለጥፉ። ልጁ ዓይኑን ይጨፍን፤ እርስዎ አንዱን አንስተው አገላብጠው ያስቀምጡ፤ ከዚያ ክዳኖቹን ይፈልግ። በባለ ሦስት ጎኑ ወዲያው ያገኛቸዋል። በባለ ስድስቱም እንዲሁ። ሬክታንግሉን ሲሰጡት ቆም ይላል፤ ክዳኖቹ 8 በ4 እንደነበሩ ካስታወሰ ያገኛቸዋል፤ ግን ባያስታውስና 6 በ4 የሆኑትን ጥንዶች «መሠረቱ እነዚህ ናቸው» ቢል አልተሳሳተም። ሳጥኑን በየትኛውም ጥንድ ገጽ ላይ ቢያቆሙት ፕሪዝም ነው። ይዘቱንም ቢያሰሉ 192 ይመጣል። ኩቡ ላይ ሲደርስ ግን ለማግኘት ምንም መንገድ የለውም። ሦስቱም ጥንዶች መሠረት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የቱ እንደነበረ የሚናገር ምልክትም በቅርጹ ላይ የለም።

ለእኔ በኩብና በሌሎቹ ፕሪዝሞች መካከል ያለው ልዩነት ከየትኛውም ብያኔ ይልቅ እዚህ ጨዋታ ላይ ነው የሚታየው። ተራ ፕሪዝም አንድ አቅጣጫ አለው። ሬክታንግላዊው ሦስት አቅጣጫ አለው፤ ሦስቱም ይለያያሉ። ኩብ ሦስት አለው፤ ሦስቱም አንድ ናቸው።

የኩብ ሦስት አቅጣጫዎች አንድ መሆናቸው ከወረቀት አልፎ በሕንፃ ሥራ ላይ ጥቅም ይሰጣል። አርማታ ሲሞላ ከድብልቁ ናሙና ተወስዶ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ የኩብ ቅርጽ የብረት ሻጋታ ይሞላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ሲሞላ አምስቱ ገጾች በብረት ላይ ስለሚያርፉ ለስላሳና ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ ስድስተኛው ግን በማንኪያ የተስተካከለ ሻካራ ነው። ማሽኑ በሻካራው በኩል ቢጫን ኃይሉ እኩል አይዳረስም፣ ውጤቱም ይዛባል። ስለዚህ ባለሙያው ኩቡን በጎኑ ያጋድመዋል፤ ሻካራው ወደ ጎን ይሆናል፣ ከላይና ከታች ለስላሶቹ ይመጣሉ። ተጋድሞም ያው 15 በ15 በ15 ስለሆነ ስሌቱ አይነካም። አንዳንድ አገሮች በሚጠቀሙበት ሲሊንደር ይህ አይቻልም፤ ጫፉን መሞረድ ወይም በሌላ ነገር መሸፈን ግድ ነው። ሲ-25 የሚባለው አርማታ ኩቡ ሲጫን በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን እንዲችል የሚጠበቅበት ነው፤ ለ15 ሳንቲ ሜትር ኩብ ይህ 562.5 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የ57 ቶን ያህል ክብደት ነው። ኩቡ ራሱ ግን 8 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል።

4. ከፕሪዝም ወደ ኩብ፣ ደረጃ በደረጃ

አሁን ብያኔው ይምጣ። ልጁ በደብተሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ይጻፈው፤ በየደረጃው አንድ ግዴታ ይጨመራል።

መነሻው ፕሪዝም ነው፤ ሁለት እኩልና ትይዩ ጎነ ብዙዎች፣ በመካከላቸው ፓራሌሎግራሞች። መሠረቱ ምንም ዓይነት ጎነ ብዙ ሊሆን ይችላል። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ያስቡ፤ መስኮቱን፣ ጌጡንና መደቡን ትተን ዋናውን ቅርጽ ብቻ ከወሰድን መሠረቱ መስቀል የሆነ ፕሪዝም ነው። መስቀሉ 12 ጎን ስላለው ክዳኖቹን ጨምሮ 14 ገጽ ይኖረዋል። የአክሱም ሐውልት ግን ፕሪዝም አይደለም፤ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ የላይኛው ከታችኛው ጋር እኩል አይሆንም። ሲሊንደርም በጥብቁ ከተሄደ አይገባም፤ መሠረቱ ክብ እንጂ ጎነ ብዙ አይደለም፤ የይዘቱ ቀመር ግን ተመሳሳይ ነው።

የመጀመሪያው ግዴታ፣ ጎኖቹ በመሠረቱ ላይ በ90 ዲግሪ ይቁሙ። ይህ ቀጥ ያለ ፕሪዝም ይባላል፤ ስድስት ጎን ያለው ያልተቀረጸ እርሳስ እዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ መሠረቱ ሬክታንግል ይሁን። የክብሪት ሳጥን፣ ካርቶን፣ ደረቅ ሳሙና።

ሦስተኛው፣ መሠረቱ ካሬ ይሁን። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ባለ 20 ብሎኬት ነው። 40 በ20 በ20 ስለሆነ፣ ቀዳዳውን ትተን በትንሹ ገጹ ብናቆመው መሠረቱ 20 በ20 ካሬ፣ ከፍታው 40 የሆነ ፕሪዝም ነው። ባለ 15ቱና ባለ 10ሩ ይህን አያሟሉም፤ ሬክታንግላዊ ሆነው ይቀራሉ።

አራተኛው፣ ከፍታው ከመሠረቱ ጎን ጋር እኩል ይሁን። ባለ 20ውን ብሎኬት መሐል ለመሐል ቢቆርጡት ሁለት ኩብ ይወጣዋል።

በዚህ መሰላል ላይ የታችኛው ሁልጊዜ የላይኛውን ስም ይዞ ይወርዳል፤ ኩብ ካሬ መሠረት ያለው ፕሪዝም፣ ሬክታንግላዊ ፕሪዝም፣ ቀጥ ያለ ፕሪዝም፣ ፕሪዝምም ነው። ወደ ላይ ግን አይሠራም። ልጁ ከተምታታበት ጎንደሬ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ግን ጎንደሬ አይደለም ይበሉት፤ ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ ኩብንና ፕሪዝምን ነጣጥሎ ማስተማር የዛሬ ሥራ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ በ«ኤለመንትስ» 11ኛ መጽሐፉ ፕሪዝምን በ13ኛው ብያኔ፣ ኩብን ደግሞ ርቆ በ25ኛው ነው ያስቀመጠው፤ ኩብንም «በስድስት እኩል ካሬዎች የተከበበ» ብሎ ያልፈዋል፤ ፕሪዝም የሚል ቃል አያነሣም። ምክንያትም ነበረው። ኩብ የሌላ ቤተሰብም አባል ነው፤ ገጾቻቸው ሁሉ እኩልና ወጥ፣ በየጫፋቸው የሚገናኙት ገጾች ቁጥርም አንድ ከሆነው አምስት ቅርጾች አንዱ ነው፤ ከአምስቱም ፕሪዝም የሆነው እሱ ብቻ ነው።

5. የስትሮ ኩብ ለምን ይወድቃል?

«ጠርዞቹ ሁሉ እኩል የሆኑ ኩብ ነው» የሚል ልጅ ይኖራል። አይከራከሩት፤ አሥራ ሁለት ስትሮ በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ይስጡት። ክር በውስጣቸው እያሳለፈ፣ በየጫፉ ሦስት ሦስት እያሰረ፣ ኩብ ይሥራ። ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ያቁመው።

አይቆምም። ወደ ጎን ዘንበል ይልና ይተኛል። ሲዘነብል ግማሽ መንገድ ላይ ያዝ ያድርጉት። አሥራ ሁለቱም ጠርዞች አሁንም 10 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ አንዱም አላጠረም። ካሬ የነበሩት ጎኖች ግን ሮምበስ ሆነዋል። ያዘመመ ፕሪዝም ነው፤ ኩብ ግን አይደለም፤ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ መሆናቸው ቀርቷል። ይዘቱም ቀንሷል፣ ምክንያቱም ከፍታው ወርዷል። ከፍታ ማለት የዘመመው ጠርዝ ርዝመት ሳይሆን ከላይኛው ገጽ እስከ ታችኛው ቀጥ ብሎ የሚወርደው ርቀት ነው። በዚህ ብዙ ተማሪ ነጥብ ይጥላል።

ከዚህ ጋር እንዳይምታታ፣ ደርዘን ደብተር ደራርበው ክምሩን በመዳፍዎ ወደ አንድ ጎን ገፋ ያድርጉት። ይህም ዘመመ፤ ግን ከፍታው አልተለወጠም፣ የወረቀቱም መጠን አልቀነሰም። ያዘመመ ፕሪዝም፣ መሠረቱና ከፍታው ከቀጥተኛው ጋር እኩል ከሆኑ፣ ይዘቱም እኩል ነው። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ካቫሊየሪ እ.ኤ.አ. በ1635 ያሳተመው መጽሐፍ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ወድቆ የቀረውን የስትሮ ኩብ ለማቆም ስድስት ስትሮ በ14.1 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡና በየገጹ አንዳንዱን ከጫፍ ወደ ጫፍ በሰያፍ ይሰሩት። ካሬ የነበረው ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ እንደማይወላገድ ክዳን ስንሠራ አይተናል። አሁን ይቆማል።

6. አንድ ሳጥን ኩብ መሆኑን መፈተሽ

በዓይን መገመት ያታልላል፤ ማስመሪያ ይያዙ። ከአንድ ጫፍ የሚነሡትን ሦስት ጠርዞች ይለኩ። እኩል ካልሆኑ ነገሩ አለቀ። እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹን ይፈትሹ፤ ከጫፉ ተነሥተው በአንዱ ጠርዝ 6፣ በሌላው 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 10 ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ሲባጎ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በዚያው ጫፍ ላይ ያሉትን ሦስቱንም ማዕዘኖች ይፈትሹ። ተቃራኒ ገጾቹ ትይዩ ከሆኑ አንድ ጫፍ መፈተሽ ለሳጥኑ ሁሉ በቂ ነው።

7. ድንቹ

ከአንዱ ድንች የቻሉትን ያህል ትልቅ ኩብ ይቁረጡ። መሐል ለመሐል ሲከፍሉት ሁለት ሬክታንግላዊ ፕሪዝም ያገኛሉ። ሌላ ኩብ ቆርጠው በአንዱ ገጽ ሰያፍ በኩል ወደ ታች ሲቆርጡት ደግሞ ሁለት ባለ ሦስት ጎን ፕሪዝም። ኩብን ከፕሪዝም የምናገኘውን ያህል ፕሪዝምን ከኩብ እናገኛለን ማለት ነው።

ይዘት የምንለካበትም መለኪያ ራሱ ኩብ ነው። አሸዋ የሚሸጠው በሜትር ኪዩብ ነው፤ የጭነት ሳጥኑ 5 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድ፣ 1.6 ሜትር ከፍታ ያለው መኪና 16 ሜትር ኪዩብ ይጭናል፤ ማለትም ጎናቸው 1 ሜትር የሆነ 16 ኩብ የሚሞላውን ያህል አሸዋ። አንድ ሊትር ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የሚይዘው ነው፤ በአንድ ሜትር ኪዩብ ውስጥ አሥር በአሥር በአሥር ሆነው ይደረደራሉ፣ 1,000 ሊትር። ልጁ «100» ካለ ምክንያቱ አንዱን አቅጣጫ መርሳቱ ነው። ወደ ኩብ ሳንቲ ሜትር ሲለወጥ ደግሞ 1,000,000 ነው።

አሁን ሦስተኛ ኩብ ካለዎት የሚገርመውን ይሞክሩ። ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ በኩቡ ውስጥ አልፎ ወደ ተቃራኒው ጫፍ የሚደርሰውን መስመር ያስቡ። ሁለቱን ጫፎች የማይነኩ ስድስት ጠርዞች አሉ፤ የእያንዳንዳቸውን መካከል በእርሳስ ነጥብ ያድርጉና ቢላውን በስድስቱም ነጥቦች ያሳልፉት። የሚወጣው የቢላ ፊት እኩል ጎን ያለው ስድስት ማዕዘን ነው። ልጁ «እንግዲህ ባለ ስድስት ጎን ፕሪዝም ሆነ» ይል ይሆናል። ግማሹን አንሥቶ ገጾቹን ይቁጠር፤ አንድ ስድስት ማዕዘን፣ ሦስት ሦስት ማዕዘኖችና ሦስት ባለ አምስት ጎኖች ናቸው። ከስድስት ማዕዘኑ ትይዩ የሆነ ሌላ ስድስት ማዕዘን የለም፤ ስለዚህ ፕሪዝም አይደለም።

8. ለፈተና ቀን

እነዚህን በ«እውነት» ወይም «ሐሰት» ያስመልሱት፣ ከነምክንያቱ።

ኩብ ሁሉ ፕሪዝም ነው። እውነት።

ካሬ መሠረት ያለው ቀጥ ያለ ፕሪዝም ሁሉ ኩብ ነው። ሐሰት፤ ብሎኬቱን ያስታውስ።

የኩብ ጎን እጥፍ ቢሆን ይዘቱ እጥፍ ይሆናል። ሐሰት፤ ስምንት እጥፍ ነው። የገጾቹ ጠቅላላ ስፋት ደግሞ አራት እጥፍ።

ቀጥ ያለ ሆኖ ጠርዞቹ ሁሉ እኩል የሆኑ ፕሪዝም ኩብ ነው። ሐሰት፤ ይቺ ግን ተንኮለኛ ናት። ልጁ የስትሮውን አስታውሶ «ቀጥ ያለ ከሆነማ እውነት» ሊል ይችላል። መሠረቱ ሮምበስ ሆኖ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ሊቆሙ እንደሚችሉ ያሳዩት። ካልበቃው መጀመሪያ የሠራችሁትን ባለ ሦስት ጎን ቱቦ ያምጡ፤ ከፍታው 6፣ የመሠረቱ ጎን 8 ነበር። ከ18 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በየ6 ሳንቲ ሜትሩ አጥፋችሁ ብትሠሩት ዘጠኙም ጠርዞች 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ቀጥ ብሎም ይቆማል፤ ገጹ ግን አምስት ነው።